ቦርደር ኮሊ ከመግዛታችሁ በፊት

ቦርደር ኮሊ ለመግዛት ያሰባችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ አንዴ ስሙኝ። ይህ ውሻ ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ድንበር የመጣ በግ ነጂ ነው። ነጂ እንጂ ጠባቂ አይደለም። መንዝ ላይ በጉን ከጅብና ከቀበሮ የሚጠብቅ ከፈለጋችሁ የአገራችን ውሻ ይሻላችኋል። ቁሩንም ለምዶታል።

ግቢ ውስጥ ታስሮ የሚውል ከሆነማ ይቅርባችሁ። በቀን ለ2 ሰዓት ያህል መሮጥ ይፈልጋል። ሥራ ካጣ ዶሮ፣ ሕፃን፣ ባጃጅ፣ ያገኘውን ሁሉ መንዳት ይጀምራል። ቡችላውን ከ8 ሳምንቱ በፊት ከእናቱ አትለዩት። መልኩም አያታልላችሁ፤ ከተቻለ የወላጆቹን ጠባይ እዩ።

ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በግ ስታርዱ ጭንቅላቱን፣ ሳንባና ጉበቱን ጥሬውን ለውሻ አትወርውሩ። በዓል ሲመጣ ብዙ ቤት የሚደረግ ነው፣ አውቃለሁ። በግን እያዞረ የሚጥለው በሽታ ግን የሚመጣው ከውሻ ሆድ ትል ነው። የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ሣር ላይ ይወድቃል። በጉ ይግጠዋል፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው የትል እጭ አንጎሉ ውስጥ ያድጋል። ውሻው ያንን አንጎል ሲበላ ነገሩ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ትርፍራፊውን በጥልቀት ቅበሩ። የትል መድኃኒቱንም የእንስሳት ሐኪም አማክራችሁ በየ3 ወሩ ስጡት።

የእብድ ውሻ ክትባት በየዓመቱ አይዘለልም። ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት የመንዝ ጓሳ ጥብቅ ቦታ አጠገብ ያላችሁ ደግሞ ውሻችሁን ብቻውን አትልቀቁት። ቀይ ቀበሮን ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው።