የጌም ሙዚቃን ከሰፈር ባንድ ጋር መድረክ ላይ እንዴት መጫወት ይቻላል

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ብሎክ አጠገብ ያለው ኮሚናል ውስጥ ነው የተዋረድነው። አንድ የሰፈር ልጅ በፕሮጀክተር ቴትሪስ (የሚወርዱ ጡቦችን መደርደር ያለበት ጌም) ይጫወታል፣ እኛ ደግሞ ሙዚቃውን በቀጥታ እናጅበዋለን። ሦስት ደቂቃ የሚሞላ ሙዚቃ ተለማምደናል። ልጁ ጉራ ቢጤ አማረውና ከፈጣኑ ደረጃ ጀመረ። ደቂቃ ሳይሞላው ተሸነፈ። ስክሪኑ ላይ «ጌም ኦቨር» ተገትሯል፣ እኛ የድል ሰልፍ ይመስል መንፋታችንን ቀጠልን። ሕዝቡ ሳቀ። እኔ ነበርኩ መሪው።

እንዲህ እንዳይደርስባችሁ ነው የምጽፈው።

ዜማ መምረጥ

በአሮጌ ጌም ጀምሩ። ብዙ ሰው በዘመናዊዎቹ፣ መቶ ሰው በሚጫወታቸው ግዙፍ የኦርኬስትራ ሥራዎች ይማረክና እዚያው ይቀራል። በ1983 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የወጣው ፋሚኮም የተባለው የኒንቴንዶ የጌም ማሽን የነበረው 5 የድምፅ መስመር ብቻ ነው። ሁለቱ ለዜማ፣ አንዱ ለቤዝ፣ አንዱ ለከበሮ መሰል ሹክሹክታ፣ አንዱ ለአጫጭር የተቀዱ ድምፆች። ይሄ እኮ የሰፈር ባንድ ነው! ጃፓናዊው የሙዚቃ ደራሲ ኮይቺ ሱጊያማም ለዚያች ማሽን የጻፈውን የድራጎን ክዌስት ጌም ሙዚቃ ለኦርኬስትራ አስፍቶ በ1987 ቶኪዮ ሰንቶሪ አዳራሽ አቅርቦታል። ከትንሽ ወደ ትልቅ መሄድ ይቻላል። ከትልቅ ወደ ትንሽ ግን ላብ ያስወጣል።

እኛ የመረጥነው በ1989 የጌምቦይ (በእጅ የሚያዝ የጌም ማሽን) ቴትሪስ ላይ የሚሰማውን ነው። ዜማው ኮሮቤይኒኪ የሚባል የቆየ የሩሲያ ባህላዊ ዘፈን ስለሆነ ዜማው ራሱ የማንም አይደለም። አብዛኛው የጌም ሙዚቃ ግን ባለቤት አለው። ቲኬት የምትሸጡ ከሆነ ፈቃድ ጠይቁ።

ለመሣሪያዎቹ ማከፋፈል

የነበረን ትራምፔት፣ አልቶ ሳክስፎን፣ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ኪቦርድና ከበሮ ነው። (ከበሮው ከቃሊቲ በሚኒባስ ሲመጣ የሁለት ሰው ሒሳብ ተከፍሎለታል።)

ዜማውን በኤ ማይነር ያዙት። የቢ ፍላት ትራምፔት ከሚጻፍለት ኖታ አንድ ሙሉ ቶን ዝቅ ብሎ ስለሚሰማ፣ ለእሱ በቢ ማይነር ጻፉለት። ለአልቶው በኤፍ ሻርፕ ማይነር። ይህን ካላደረጋችሁ የመጀመሪያው ልምምድ የገበያ ግርግር ነው።

ክራሩ ላይ አትሳሳቱ። ትዝታ ማይነር ብንቃኘው የምናገኘው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ እና ኤፍ ነው። ዜማው ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ሐረግ ዲ ይፈልጋል፣ ክራሩ የለውም። ክራር መቺያችን አንድ ሳምንት ሙሉ በየመሀሉ ክር ሲያጠብቅና ሲያላላ ከረመ። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ዜማውን ለማሲንቆ ስጡት። አንድ ክር ነው፣ ጣት በፈለገበት ያርፋል፣ የጎደለ ድምፅ የለውም። ክራሩ ኤ እና ኢ እየመታ ምቱን ይያዝ።

ዋናው ጣጣ፦ ማለቂያ የሌለው ዘፈን

አንድ ልምምድ ላይ ምድር ቤት የሚኖሩ እማማ በሩን ከፈት አድርገው «ልጄ፣ ይሄ ዘፈን መጨረሻ የለውም?» አሉኝ። «የለውም እማማ» አልኳቸው። እውነቴን ነው። የጌም ሙዚቃ የሚጻፈው ሰውዬው እስኪያሸንፍ ወይም እስኪሞት እየዞረ እንዲጠብቅ ነው። ኮምፒውተሩ መቼ መቁረጥ እንዳለበት ያውቃል። ሰባት ሰው ግን አያውቅም።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት በክሊክ ነው። በትልልቅ ኮንሰርቶች ላይ ከስክሪን ጋር ለመገጣጠም መሪው ጆሮ ውስጥ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ምት ይገባለታል። እኔም ሌሊት ተቀምጬ ክሊክ ሠራሁ። ከንቱ ልፋት! ክሊክ የሚጠቅመው ቪዲዮው አስቀድሞ የተቀዳ ሲሆን ነው። ሕይወት ያለው ሰው ሲጫወት ቀጣዩን ሰከንድ ማን ያውቃል?

መልሱን ያገኘሁት ከማሲንቆ መቺያችን ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙ ቢጠፋበት አዝማሪው ያቆማል እንዴ? ያችኑ ዜማ እያዞረ፣ ዓይኑን እንግዳው ላይ ተክሎ ይጠብቃል። ግጥሙ ሲመጣ ይገባል። ከጌሙ ጋር ያለው ነገር ይኸው ነው፤ ተጫዋቹ እንግዳ፣ ባንዱ አዝማሪ።

በተግባር እንዲህ ነው። ዜማው 8፣ 8 ሜዠር (አንዱ ሜዠር አራት ምት ነው) ያላቸው ሁለት ክፍሎች አሉት። በደቂቃ 120 ምት ብትሄዱ አንዱ ክፍል 16 ሰከንድ ይፈጃል። ልጁ ከተሸነፈ በኋላ 16 ሰከንድ መጠበቅ ደግሞ ያው የእኛው ውርደት ነው። ስለዚህ በየ2 ሜዠሩ መውጫ በር አድርጉ፤ በየ4 ሰከንዱ ማለት ነው። ኖታው ላይ በቀይ እስክሪብቶ አክብቡት። የመሪው ግራ እጅ ከተዘረጋ «አዙሩ»፣ ከተጨበጠ «በሚቀጥለው በር ውጡ»። ለመሸነፍ አንድ፣ ለማሸነፍ አንድ አጭር መዝጊያ ጻፉ። የትኛው እንደሆነ በጣት አሳዩ፣ አንድ ጣት ሽንፈት፣ ሁለት ጣት ድል።

እስከ በሩ ያለችውን ክፍተትስ? ከበሮው ይሙላት። ልጁ በተሸነፈባት ቅጽበት ከበሮው ማንንም ሳይጠብቅ ይንከባለል። ዜማ ስለሌለው ምንም አያበላሽም፣ ሕዝቡም «ባንዱ አየ» ይላል።

ስክሪኑን መሪውና ከበሮ መቺው ብቻ ይዩ። ሁሉም ካየ ሁሉም ይመራል። ልምምድ ላይ ደግሞ ልጁ መቼ እንደሚሸነፍ ሳይነግራችሁ እንዲሸነፍ አድርጉት። ሃያ ጊዜ ያህል፣ በፈለገው ሰዓት።

ዕቃና መብራት

የጌሙን ድምፅ በብሉቱዝ ስፒከር አታውጡ። ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ባንዱን ያሳስታል። ገመድ ተጠቀሙ። የጌሙን ሙዚቃ ከማስተካከያው አጥፉና የጡቦቹን ድምፅ ብቻ ተዉት።

ሁለተኛው ዝግጅታችን ላይ፣ እንደተለመደው፣ መብራት ሄደ። ፕሮጀክተሩ ጨለመ፣ ኪቦርዱ ዝም አለ። ላፕቶፑ ግን በባትሪ ቀጠለ፣ ሕዝቡም ተነስቶ በልጁ ትከሻ ዙሪያ ተደራረበ። እኔም ስክሪኑን ለማየት ወንበር ላይ ወጣሁ። ማሲንቆው አልቆመም፣ የጠፋብን ቤዙ ብቻ ነበር። ስለዚህ የኪቦርዱን ቤዝ ሌላ ሰው፣ ለምሳሌ አልቶው፣ አብሮ አጥንቶ ይምጣ።