የሕፃኑ ልብ በደቂቃ 250 ሲመታ፦ ኤስቪቲን (ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሣ እጅግ ፈጣን ምትን) መለየትና ማቆም

ጡት የሚጠባ ሕፃን «ልቤን ይደልቀኛል» አይልም። እናቱ የምትነግራችሁ ከትናንት ጀምሮ ጡት ይዞ ወዲያው እንደሚለቅ፣ እንደሚነጫነጭ፣ ሲጠባ ግንባሩን እንደሚያልበው ነው። ገርጥቶ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ስታዩት የሳንባ ምች ይመስላችሁና ፈሳሽ ትጀምራላችሁ፤ የደከመ ልብ ላይ ፈሳሽ መጨመር ደግሞ ያባብሰዋል።

እንዲህ የፈጠነ ልብ በጆሮ አይቆጠርም። ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚሥል ምርመራ) አንሡ። ወረቀቱ በሴኮንድ 25 ሚሊሜትር የሚሄድ ከሆነ በሁለት ኪውአርኤስ (በየምቱ በሚታየው ሹል መስመር) መካከል ያሉትን ትናንሽ ሳጥኖች ቁጠሩና 1500ን ለቁጥሩ አካፍሉ። 6 ሳጥን ከሆነ ምቱ 250 ነው።

ትኩሳት፣ ድርቀትና ሕመም ያፈጠኑት ልብ ከ1 ዓመት በታች ከ220፣ ከዚያ በላይ ከ180 እምብዛም አያልፍም። ሲያለቅስ ይጨምራል፣ ሲረጋጋ ይቀንሳል፤ ፒ ዌቭም (ከኪውአርኤሱ በፊት ያለው ትንሽ ጉብታ) ይታያል። መታከም ያለበት ምክንያቱ ነው። ኤስቪቲ ግን ድንገት ጀምሮ ድርቅ ይላል፤ ሕፃኑ ቢያለቅስም ቢተኛም ሞኒተሩ ላይ ያው 250 ነው። ኪውአርኤሱ ከ0.09 ሴኮንድ ከሰፋ ከታችኛው የልብ ክፍል እንደመጣ ቁጠሩትና የልብ ሐኪም አማክሩ።

ሕፃኑ ከደነዘዘ፣ ግፊቱ ከወረደ ወይም እጅ እግሩ ከቀዘቀዘ በሲንክ (ከኪውአርኤሱ ጋር በተገጣጠመ) ሾክ አድርጉት፦ በኪሎ 0.5–1 ጁል፣ ካልቆመ 2። ብዙ ማሽኖች ከእያንዳንዱ ሾክ በኋላ ሲንኩን ራሳቸው ያጠፋሉ፤ ስትደግሙ መልሳችሁ ተጫኑት። መድኃኒት የሚሰጥበት ደም ሥር ከተያዘ ግን አዴኖሲን (ፈጣኑን ምት የሚያቋርጥ መድኃኒት) ይቅደም።

እነዚህ የአደጋ ምልክቶች ከሌሉት ግን ፈጣኑን ምት ለማቆም በረዶና ውሃ በላስቲክ ከረጢት አድርጉና ግንባሩና ዓይኖቹ ላይ 15–30 ሴኮንድ ያዙ፤ አፍና አፍንጫው አይሸፈን። ትልቅ ልጅ 10 ሚሊ ስሪንጅ ጫፉን በአፉ ይዞ ፒስተኑ እስኪነቃነቅ ይንፋ። ዓይን መጫን ሬቲናን ይጎዳል፤ አታድርጉት።

አዴኖሲን ብዙ ጊዜ «አልሠራም» የሚባለው አሰጣጡ ስለሚበላሽ ነው። ደም ውስጥ ከ10 ሴኮንድ በታች ስለሚቆይ ከእጅ ጀርባ በቀጭን ካኑላ ቀስ ብሎ ከተሰጠ ልብ ሳይደርስ ያልቃል። ክንድ መታጠፊያ ላይ ያለ ደም ሥር ምረጡ። መጠኑ በኪሎ 0.1 ሚ.ግ ነው፣ ከ6 ሚ.ግ ሳይበልጥ። 5 ኪሎ ለሆነ ሕፃን 0.5 ሚ.ግ ማለት ነው፤ 6 ሚ.ግ በ2 ሚሊ ካለው ብልቃጥ 0.17 ሚሊ ብቻ ይመጣል፣ ይህም ካኑላው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ብልቃጡን በሙሉ በ4 ሚሊ ኖርማል ሳላይን አቅጥኑና 0.5 ሚሊ ቅዱ። በአንድ ግፊት ስጡ፤ ወዲያው 5 ሚሊ ሳላይን አስከትሉ። ካልቆመ በኪሎ 0.2 ሚ.ግ ድገሙ፣ ከ12 ሚ.ግ ሳይበልጥ።

እየሰጣችሁ ወረቀቱ ሳይቋረጥ ይታተም። ሞኒተሩ ለጥቂት ሴኮንድ ቀጥ ሊል ስለሚችል እናቲቱን አስቀድማችሁ ንገሯት። ፈጣኑ ምት ቆሞ ወዲያው ከተመለሰ መድኃኒቱ ሠርቷል፤ የሚያስፈልገው ረዘም ያለ መድኃኒት ነውና ለልብ ሐኪም ደውሉ። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ቬራፓሚል አትስጡ፤ ግፊቱን አውርዶ ልቡን ሊያቆም ይችላል።

ምቱ ሲስተካከል ባለ 12 ሊድ ኢሲጂ ድገሙ። ፒአሩ (ከፒ ዌቭ መነሻ እስከ ኪውአርኤስ ያለው ጊዜ) አጥሮ የኪውአርኤሱ መነሻ ዘንበል ካለ ደብሊውፒደብሊው (ልብ ውስጥ ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ መኖር) ነው፤ ዲጎክሲንም ቬራፓሚልም አይስማማውም። ይህን ወረቀት ከሪፈር ደብዳቤው ጋር አያይዙት።