ድሬዳዋ ላይ አበባ ሲታመም፦ ችግሩና መፍትሄው

ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ ከገደለው ይልቅ አዝነንለት ባጠጣነው ውሃ የሞተው አበባ ይበዛል። ቅጠል ጠወለገ ብላችሁ ጆግ ከማንሳታችሁ በፊት ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱት።

ቀትር ላይ ይጠወልጋል፣ ሲመሽ ቀና ይላል

ይሄ በሽታ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ ከቅጠሉ የሚተነው ውሃ ሥሩ ከሚስበው ይበልጣል። ተዉት።

ጠዋትም እንደጠወለገ ካገኛችሁት ግን ችግር አለ። አፈሩ ደርቆ ከሆነ ፀሐይ ሳትወጣ ከሥር እስኪፈስ ድረስ አጠጡት። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ከጠወለገ ሥሩ በስብሷል ማለት ነው። ከማሰሮው አውጡና እዩት፦ ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰው ቡናማ ነው፣ ይሸታል፣ በጣት ሲይዙት ልጡ ተገፍፎ ክር የመሰለ ነገር ብቻ ይቀራል። አንዲት ጽጌረዳ በየማታው እያጠጣሁ እንዲህ አጥቻለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። የበሰበሰውን በንጹህ መቀስ ቆርጣችሁ አሸዋ በተቀላቀለበት አዲስ አፈር ትከሉት፤ ሳምንት ያህል ጥላ ሥር ይቆይ።

የተከላችሁት በቆርቆሮ ጣሳ ከሆነ ደግሞ የከሰዓት ፀሐይ ቆርቆሮውን አግሎ ሥሩን ይቀቅለዋል። ጣሳውን ሰፋ ባለ ሸክላ ውስጥ አስገብታችሁ መሃሉን በአሸዋ ሙሉት።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ፣ ጅማቱ አረንጓዴ

የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በማሰሮው አፍ ዙሪያም ይታያል። ኖራ በበዛበት አፈር ውስጥ ብረት ቢኖርም ሥሩ ሊወስደው አይችልም፤ ስለዚህ ተክሉ ፍግ ተጨምሮለትም ብረት አጥሮት ቢጫ ይሆናል። ሚስማር ቅበሩ የሚሉ አሉ፤ ዝገቱ እዚያ አፈር ውስጥ ስለማይሟሟ አይጠቅምም። የሚሠራው ክረምት ላይ ከጣራ የሚወርደውን ውሃ በበርሜል አጠራቅሞ እሱን ማጠጣት ነው፤ ካልሆነም ከእርሻ ግብዓት መሸጫ ኪሌት አይረን (ሥሩ ሊወስደው በሚችል መልክ የተዘጋጀ ብረት) ገዝቶ መመሪያው ላይ በተጻፈው መጠን መስጠት። ለውጡን የምታዩት በሚቀጥለው ቅጠል ላይ ነው። ቢጫው ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ከጀመረ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ፍግ ወይም ብስባሽ ያሻዋል።

ቦገንቪሊያው ቅጠል ብቻ ሆነ

በጣም ተመችቶታል። ውሃና ፍግ ሲበዛለት ቅጠል ያወጣል እንጂ አያብብም። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ፤ አፈሩ በደንብ ሳይደርቅም አታጠጡት። የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ አበባው ሲረግፍ ግረዙት።

የጽጌረዳው ቅጠል አቧራ የለበሰ ይመስላል

ነጭ ወረቀት ከሥሩ ይዛችሁ ቅጠሉን መታ መታ አድርጉት። ወረቀቱ ላይ የወደቀው ነጥብ መራመድ ከጀመረ ከሸረሪት ወገን የሆነች ደቃቅ ተባይ ናት፤ ደረቅ ሙቀት ያራባታል። የነፍሳት መርዝ አትርጩ፤ እሷን የሚበሏትን ነፍሳት ፈጅቶ ይባስ ያበዛታል። የቅጠሉን ጀርባ በየሁለት ሦስት ቀኑ ማለዳ ላይ በሚገፋ ውሃ እጠቡት። ካልጠፋች በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ፀሐይ ስትጠልቅ ርጩ፤ በፀሐይ ከተረጨ ቅጠሉን ያቃጥላል። ጠዋት በንጹህ ውሃ አለቅልቁትና በሳምንቱ ወረቀቱን ይዛችሁ ደግማችሁ እዩ።