የድሮ የእንግሊዝ ገበሬ ቤት እድሜውን እንዴት እናውቃለን? ፊት ለፊቱን አትመኑት

እንግሊዝ ገጠር ውስጥ ቀይ ጡብ፣ መሀል ላይ በር፣ ግራና ቀኝ እኩል የተደረደረ መስኮት ያለው የገበሬ ቤት ስታዩ በቃ የ1700ዎቹ ነው ብላችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ፣ ግን ከጡቡ ኋላ የ1400ዎቹ የኦክ እንጨት ቤት ሙሉ በሙሉ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እጁ ላይ ብር የገባ ገበሬ ብዙ ጊዜ ቤቱን አያፈርስም ነበር፣ መንገድ ላይ የሚታየውን ፊት ብቻ በዘመኑ ፋሽን ያለብሰዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚ ከጀርባ ጀምሩ። ጀርባው ላይ ማንም ብር አላወጣም፣ እንጨቱ እዛ ሊታይ ይችላል። በእንጨቶቹ መሀል ያለው ግድግዳ አሰራሩ ለኛ አዲስ አይደለም፣ ልክ እንደኛ ጭቃ ቤት ቀጫጭን እንጨት ተጠላልፎ ጭድ በገባበት ጭቃ ይመረግና ላዩ ኖራ ይቀባል። ጣሪያው በጣም ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ አሁን ሸክላ ቢለብስም ድሮ ሳር ክዳን እንደነበረ ጠርጥሩ።

ዋናው ማስረጃ ያለው ግን ጣሪያ ውስጥ ነው፣ እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደውም እሱን ነው። ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ባትሪ ያዙ፣ አግዳሚ እንጨቶቹ ላይ ብቻ እየረገጣችሁ ግቡ፣ መሀሉ ኮርኒስ ስለሆነ ይዟችሁ ይወርዳል። ከዛ ወራጆቹን እዩ። ጥቀርሻ ጠጥተው ጥቁር ካሉ ያ ቤት ሲሰራ ጭስ ማውጫ አልነበረውም ማለት ነው፣ እሳቱ መሀል ወለል ላይ ይነዳል ጭሱ ደሞ እስከ ጣሪያው ክፍት በሆነው ትልቅ ክፍል ሽቅብ ወጥቶ በክዳኑ በኩል ይጠፋል። ይሄን ክፍል ሆል ይሉታል፣ ቤቱን ደሞ ሆል ሀውስ። ጥቀርሻው መሀል ላይ ብቻ ሆኖ ጫፍና ጫፍ ያሉት እንጨቶች ንጹህ ከሆኑ ደግሞ በጣም ጥሩ፣ ጫፎቹ ከመጀመሪያውም በግድግዳ የተለዩ ባለፎቅ ክፍሎች ነበሩ ማለት ነው። እንዲህ አይነቱ ቤት ሲኖሩበት ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ ዌስት ሰሴክስ ሲንግልተን ያለው የዊልድ ኤንድ ዳውንላንድ ሙዚየም ሂዱ፣ ቤይሊፍ የሚባል የ1400ዎቹ መጀመሪያ የገበሬ ቤት አለ፣ ኬንት ውስጥ የነበረበት ቦታ ለውሃ ግድብ ሲፈለግ ነቅለው አምጥተው የተከሉት ነው።

ቀጥሎ ጭስ ማውጫው የት እንዳለ እዩ። በ1500ዎቹ አጋማሽና ከዛ በኋላ ገበሬው ሲያልፍለት ጭስ ማውጫ ገነባ፣ ክፍት የነበረውን ሆል በወለል ከፈለውና ላይ ቤት አወጣ። የታሪክ ምሁሩ ሆስኪንስ ከ1570 እስከ 1640 ያለውን ጊዜ ግሬት ሪቢልዲንግ (ታላቁ ዳግም ግንባታ) ብሎ የጠራው በዚህ ምክንያት ነው፣ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ጊዜው ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል ብለዋል። የፊትና የጀርባ በር ፊት ለፊት ከተያዩና መሀላቸው መተላለፊያ ካለ የመካከለኛው ዘመን ፕላን የመሆን እድሉ ሰፊ ነው፣ በሩን ስትከፍቱ በቀጥታ ከጭስ ማውጫው ግድግዳ ጋር ከተፋጠጣችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ የ1600ዎቹ ነው።

እንጨቱ ላይ ምንም ያልገባባቸው ቀዳዳዎች ካያችሁ «ከድሮ መርከብ የመጣ እንጨት ነው» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም፣ አብዛኛውን ጊዜ እውነት አይደለም። ወይ እዛ የነበረ ግድግዳ ተነስቷል ወይ እንጨቱ ከሌላ ቤት መጥቷል። መጋጠሚያው ላይ የተቧጨሩ የሮማ ቁጥሮች ካሉ ግን ፎቶ አንሱ፣ አናጢው እንጨቱን ሌላ ቦታ ጠርቦና ገጣጥሞ ካየ በኋላ ፈቶ እዚህ ሲያቆመው እንዳይምታታበት የጻፋቸው ናቸው። ቤቱ መጣመሙ ራሱ አያስደንግጣችሁ፣ ኦኩ እርጥብ እያለ ስለሚሰሩበት ሲደርቅ ይጣመማል።

ጡቡን ቶሎ ላሳልፈው። ቀጭን ጡብ፣ አምስት ሳንቲም አካባቢ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቆየ ነው። ከ1784 እስከ 1850 ጡብ በቁጥር ስለሚቀረጥ አንዳንድ ፋብሪካዎች ትልልቅ ጡብ መስራት ጀምረው ነበር። የተደፈነ መስኮት ስታዩ ሁሉም ከ1696 እስከ 1851 የነበረውን የመስኮት ግብር ሽሽት ነው አትበሉ፣ አንዳንዱ ፊቱ እኩል እንዲመስል ከመጀመሪያውም ድፍን ሆኖ የተሰራ ነው። በር ላይ የተቀረጸ ዓመተ ምህረትም ቢሆን እድሳት ወይም ጋብቻ ሊሆን ይችላል።

ከዛ ወደ ወረቀት። ሂስቶሪክ ኢንግላንድ የሚባለው የእንግሊዝ የቅርስ መስሪያ ቤት የቅርስ ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ፣ ግን ብዙዎቹ መግለጫዎች ከውጪ ብቻ ታይተው የተጻፉ ስለሆኑ ያለውን ዓመት እንደ መነሻ ብቻ ውሰዱት። ከ1836ቱ የአስራት ህግ በኋላ የተሰሩት ካርታዎች ማን ባለቤት እንደነበረ ማን ይኖርበት እንደነበረ ይነግሯችኋል። ለኔ ትልቁ ሀብት ግን በካውንቲው (በአውራጃው) ቤተ መዛግብት ሊገኝ የሚችለው የሟች ንብረት ዝርዝር ነው፣ ገማቾቹ ከክፍል ክፍል እየዞሩ አልጋውን ድስቱን በርሜሉን ሁሉ ጽፈዋል፣ እና «ከሆሉ በላይ ያለው ክፍል» የሚል ካገኛችሁ በዛ ዓመት ሆሉ በወለል ተከፍሎ እንደነበር አወቃችሁ ማለት ነው፣ ጣሪያ ውስጥ ካያችሁት ጥቀርሻ ጋር አገናኙት።

ትክክለኛ ዓመት የሚፈልግ ሰው የዛፍ ቀለበት የሚቆጥሩ ባለሙያዎች ይጥራ፣ ቅርፊቱ ድረስ የተረፈ እንጨት ከተገኘና ናሙናው ከተሳካ ዛፉ የተቆረጠበትን ዓመት፣ አንዳንዴም ወቅቱን ይነግሩታል። ለዚህ እንጨቱ በቀጭኑ ይበሳል፣ ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ የካውንስሉን የቅርስ ጥበቃ ኦፊሰር አናግሩ። ጥቀርሻውን ደሞ እባካችሁ ማንም እንዳያጥበው።