ከገንዳ ወለል የሚበሉ ዓሦችን ስናኖር የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዶ አምባዛ ያየ ሰው ጢሙን አይረሳውም። ጢሙ ምላሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ጭቃ ውስጥ ምግቡን የሚያገኘው በሱ ዳስሶ፣ በሱ ቀምሶ ነው። ሳሎናችን የምናኖራቸው ኮሪዶራስና ፕሌኮም ከደቡብ አሜሪካ የመጡ የሩቅ ዘመዶቹ ናቸው። አበላላቸው እንግዳ ስለሚሆንብን ብዙ እንሳሳታለን።

ትልቁ ስህተት «የሌሎቹ ትርፍራፊ ይበቃቸዋል» ማለት ነው። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። አራት ኮሪዶራሶቼ ቀኑን ሙሉ አሸዋ ሲቆፍሩ ስለማይ የጠገቡ መሰለኝ። እያደር ግን ሆዳቸው ሰርጎድ አለ። አንድ ማታ መብራቱን አጥፍቼ በስልኬ ባትሪ አየኋቸው። አንዷ አፏን እስከ ዓይኗ አሸዋ ውስጥ ቀብራለች። አሸዋውን ትጎርሳለች፣ በስንጥቧ በኩል ብን ብሎ ይወጣል። ደግማ ትጎርሳለች። የምትውጠው ነገር ግን አልነበረም፤ ከላይ ያሉት ዓሦች ምግቡን ሳይወርድ ጨርሰውታል። ከዚያ ወዲህ የሚሰምጥ እንክብል የምጥልላቸው ማታ፣ መብራት ካጠፋሁ በኋላ ነው። ሆዳቸው ሞላ።

ወለሉ ላይ ስለታም ጠጠር ማንጠፍም ያው ረሃብን ይጠራል። ጢማቸው ይቆስላል፣ ያጥራል፤ ከዚያ ምግብ መፈለግ ያቅታቸዋል። በደንብ የታጠበ ደቃቅ አሸዋ ይሻላል።

ሌላው፣ ኮሪዶራስ ሽቅብ ተወርውራ አየር ስትጎርስ «ራባት» ብሎ ምግብ መጨመር። ምግብ አይደለም የፈለገችው። የዋጠችውን አየር ኦክስጅን በአንጀቷ ትወስዳለች። አልፎ አልፎ ከሆነ ጤና ነው። ሁሉም ቶሎ ቶሎ ከተመላለሱ ግን ውሃው ኦክስጅን አንሶታል፤ የተጨመረው ምግብ ሲበሰብስ ደግሞ ይብሳል። ከተማችን ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከፍታም ሙቀትም ውሃ የሚይዘውን ኦክስጅን ይቀንሳሉ። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ከቆመ፣ የገንዳውን ውሃ በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያንቆርቁሩበት።

ፕሌኮ ጎልድፊሽ ጎን ላይ ተለጥፎ ሲያዩ «ተዋደዱ» ብለው አይለፉት። የዓሳዋን ገላ የሸፈነውን ልጋግ እየጋጠ ነው፤ ቁስል ያመጣባታል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ረሃብ ነው። ዙኩኒ ቆርጠው ለስለስ እስኪል ቀቅለው፣ ካቀዘቀዙት በኋላ ማታ ያስገቡለት፤ የተረፈውን ጠዋት ያውጡ። ካልተወ ይለዩዋቸው። የተለመደው ፕሌኮ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚያድግ ለትንሽ ገንዳ ባይገዙት ጥሩ ነው።

ከኮንጎ ተፋሰስ የመጣው ትንሹ ሲኖዶንቲስ ደግሞ ተገልብጦ፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ከውሃው ገጽ ይበላል። ሞቷል ብለው እንዳያወጡት። ሆዱን ልብ ብለው ይዩት፤ ከጀርባው ይልቅ ይጠቁራል።