ባህር ዳር ላይ መንገድ ስንጠቀም መተው ያለብን ስህተቶች

ባህር ዳር ሜዳ ናት፣ መንገዷ ሰፊ፣ ሁሉ ነገር ቅርብ። ችግሩም እዚጋ ነው፣ "ምን አላት፣ ቅርብ እኮ ናት" እያልን ነው ህጉን የምንተወው።

አንዱ መኪና ስለቆመልን ብቻ ዜብራውን በሩጫ መሻገር። ይሄ ገዳይ ነው። አንዱ አክብሮ ይቆምልሃል፣ ከኋላው ያለው ባጃጅ ግን ለምን እንደቆመ አያይም "ይሄ ደሞ ምን ሆነ" ብሎ በግራ በኩል ይቀድመዋል፣ አንተ በቆመው መኪና ተከልለሃል፣ እሱም አያይህ አንተም አታየው። የቆመውን መኪና ጨርሰህ ከማለፍህ በፊት ገታ በልና አንገትህን አስግገህ እይ። ሹፌሮችም፣ ዜብራ ላይ የቆመ መኪና አይቀደምም፣ በቃ።

ባጃጅ ላይ ሹፌሩ ጎን መለጠፍ። የፊቱ ወንበር የሱ ብቻ ነው፣ መሪውን ለማዞር ክርኑ መፈናፈኛ ይፈልጋል። "ጠጋ በይ እናቴ" ሲል "ይቅርብኝ ሌላ እጠብቃለሁ" ማለት ነው። ስትወርዱም በእግረኛው በኩል።

ክላክስን እንደ ፍሬን መቁጠር። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር አካባቢ ይሄዳል፣ ገና እግርህ ፍሬኑን ሳይነካ ማለት ነው። ፍጥነትህን እጥፍ ካደረግክ ደሞ ፍሬን ይዘህ የምትቆምበት ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ክላክስ የሰማ ህፃን ወደየት እንደሚሮጥ ደሞ ማን ያውቃል?

ሳይክል በተቃራኒ መስመር መንዳት። "የሚመጣውን ለማየት ነው" ይላሉ፣ ግን ከቅያስ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሹፌር የሚያየው ወደ ግራ ነው፣ አንተ በቀኙ ትመጣበታለህ። ማታ ያለ መብራት ከሆነማ አይወራም። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ የሳይክል መስመር አለ፣ ተጠቀሙበት እንጂ!

ሄልሜት ክንድ ላይ ማንጠልጠል። በክርናችን አይደለም የምናስበው። ማሰሪያው ካልተቆለፈም ያው ነው።

የተጎዳን ሰው አጣጥፎ ባጃጅ ውስጥ መክተት። በደግነት ነው የሚደረገው፣ ግን አከርካሪው ወይ አንገቱ ተጎድቶ ከሆነ እዛው ሽባ ልናደርገው እንችላለን። እሳት ወይ ሌላ መኪና ካላሰጋ አታንቀሳቅሱት፣ የሚደማውን በንፁህ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙና አምቡላንስ ጥሩ። "ማን ይከፍላል" የሚለው ፍርሃትም አለ፣ የሶስተኛ ወገን መድን አዋጁ (799/2005) ግን ለተጎጂ አስቸኳይ ህክምና ፈቅዷል፣ ስለዚህ የገጨውን መኪና ታርጋ ፎቶ አንሱና ለትራፊክ ፖሊሱ ስጡ።