ካምፐር ለሚጎትት ፒካፕ የፍሬን መቆጣጠሪያ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐምሌ ላይ ነው፣ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ የሚኖር አንድ የማውቀው ልጅ ደወለልኝ። ያገለገለ ካምፐር፣ መኪና ኋላ ታስሮ የሚጎተት የጉዞ ቤት፣ ገዝቷል። ቅዳሜ ጠዋት ቤተሰቡን ይዞ በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ግሌንውድ ስፕሪንግስ ሊሄድ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ የፍሬን መቆጣጠሪያ የሚሉት ነገር የግድ ነው እንዴ? ሻጩ እንደሆነ መኪናህ ባለ 7 ፒን ሶኬት ስላለው ሐሳብ አይግባህ ብሎኛል።»

«ካምፐሩ ስንት ይመዝናል?»

«ወደ 5,000 ፓውንድ መሰለኝ።»

«እንግዲያው ቅዳሜን እርሳት» አልኩት።

አልፈረድኩበትም፤ እኔም የመጀመሪያውን ስገዛ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ ካምፐሩ የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለው ፒካፑ መቆጣጠሪያ፣ ማለትም ፍሬን ሲረግጡ ወደ ካምፐሩ ፍሬን ኤሌክትሪክ የሚልክ ዕቃ፣ ያስፈልገዋል። በራሳቸው ጎማ እየተጎተቱ የሚሄዱት ካምፐሮች ደግሞ፣ ከጥቃቅኖቹ በቀር፣ ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ የኤሌክትሪክ ፍሬን አላቸው። ፒካፑ ጀርባ ላይ የሚጫነው ዓይነት ጎማም ፍሬንም ስለሌለው ነገሩ አይመለከተውም።

ሶኬቱን አይቶ «ፍሬን አለኝ» ማለት

ከሁሉም የሚበዛውና የሚከፋው ስህተት ይሄ ነው። ከፓራውልቱ ሥር ያለው ክብ ሶኬት መስመር ብቻ ነው፤ በመስመሩ ኤሌክትሪክ የሚልከው ዕቃ ሌላ ነው። ጠፍጣፋው ባለ 4 ፒን የሚያደርሰው መብራት ብቻ ነው፦ የኋላ መብራት፣ ግራና ቀኝ ፍሬቻ ከነፍሬን መብራቱ፣ ከዚያ ማሳ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ)። ባለ 7 ፒኑ በዚህ ላይ የኋላ ማርሽ መብራት፣ የካምፐሩን ባትሪ የሚሞላ የ12 ቮልት መስመርና የፍሬን መስመር አለው። የፍሬኑ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ነው። ይህ ሽቦ በብዙ ፒካፖች ከዳሽቦርዱ ሥር ያለ አንድ ባዶ ሶኬት ላይ ደርሶ ይቆማል፤ መቆጣጠሪያ የሚሰካበት ሰው ይጠብቃል።

ካምፐሩ ጎማ ውስጥ ታምቡር አለ፣ ታምቡሩ ውስጥ ደግሞ መዳፍ የማይሞላ ማግኔት። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ከሚሽከረከረው ታምቡር ፊት ይለጠፋል፤ ታምቡሩ ይዞት ሊሄድ ሲል ማግኔቱ የተንጠለጠለበት ዘንግ ሸራዎቹን ይገፋና ጎማው ይያዛል። በ10 እና በ12 ኢንች ታምቡር አንዱ ማግኔት 3 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ባለ 2 አክስል ካምፐር 4 ማግኔት ስላለው በድምሩ 12 አምፔር መሆኑ ነው። ይህን ፍሬን በረገጡት ልክ መጥኖ የሚልከው መቆጣጠሪያው ነው።

አገር ቤት ከባድ መኪና ከነተሳቢው የነዳ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የዚያ ተሳቢ ፍሬን በአየር ነው፤ የአየሩ ቱቦ ቢላቀቅ ተሳቢው ባለበት ይያዛል እንጂ አይንቀሳቀስም። ካምፐር ተቃራኒው ነው። ኤሌክትሪክ ካልደረሰው ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ እየተንከባለለ ይከተላል። ሻጩ ግቢ ውስጥ የሚፈተነው ደግሞ መብራቱ ነው፦ ፍሬቻው በራ፣ የፍሬን መብራቱ በራ፣ ገዢው ደስ ብሎት ወጣ። ፍሬን እንደሌለው የሚያውቀው የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ፣ ካምፐሩ ከኋላ ሲገፋው ነው።

መኪናዎ መቆጣጠሪያ እንዳለው ለማወቅ ከመሪው አጠገብ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለው፣ በጣት የሚጨመቅ ወይም የሚገፋ፣ የካምፐሩን ፍሬን ብቻ የሚይዝ ማንሻ ይፈልጉ። ከሌለ ጎንበስ ብለው ከዳሽቦርዱ ሥር የተሰቀለ ትንሽ ሳጥን ይዩ። ከኋላው ሶኬት ላይ ተሰክቶ በስልክ የሚታዘዝ ገመድ አልባም አለ። ከነዚህ አንዱም ካልተገኘ፣ ሻጩ የፈለገውን ቢል፣ የለዎትም።

«መኪናዬ ጉልበት አለው»

ይኖረዋል። ጉልበቱ ግን የሚያስኬድ እንጂ የሚያቆም አይደለም። አንድ ፎርድ ኤፍ-150 ፒካፕ ባዶውን ከ4,500 እስከ 5,000 ፓውንድ አካባቢ ይመዝናል፤ 5,000 ፓውንድ ካምፐር ሲያስሩበት ፍሬኑ የሚያቆመው ክብደት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ፍጥነት ሲታከልበት ይብሳል፦ ከ30 ወደ 60 ማይል ሲወጡ ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የመጎተት አቅም ተሳቢው የራሱ ፍሬን እንዳለው ታስቦ የተሰላ ነው።

«የኪራይ ተሳቢ ያለ ምንም መቆጣጠሪያ ጎትቻለሁ» የሚልም አይጠፋም። እውነቱን ነው። መኪና መጫኛ የኪራይ ተሳቢዎችና ብዙ የጀልባ ተሳቢዎች ጋንቾው ላይ በሚያርፈው ግፊት ራሳቸውን የሚይዙ የዘይት ፍሬን አላቸው። ያ ሌላ ዓይነት ነው።

ሕጉን ከጎረቤት፣ ክብደቱን ከማስታወቂያ መውሰድ

ተሳቢ ፍሬን እንዲኖረው የሚያስገድደው ክብደት እንደየግዛቱ ይለያያል። ኮሎራዶና ቨርጂኒያ 3,000 ፓውንድ (1,360 ኪሎ ያህል)፣ ቴክሳስ 4,500፣ ካሊፎርኒያ ለካምፐር ሲሆን 1,500 ፓውንድ ነው። ዳላስ ያለ ወንድምዎ «እኛ ጋ አይጠየቅም» ቢልዎት ለርስዎ አይሠራም። የመኪናው መመሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሕጉ ባነሰ ክብደት ፍሬን ይጠይቃል፤ ከሁለቱ ጥብቁን ይያዙ።

ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ክብደት ውኃም ዕቃም የሌለበት ነው። አንድ ጋሎን ውኃ 8.3 ፓውንድ ይመዝናል፤ 40 ጋሎን ታንከር ሲሞላ 330 ፓውንድ ተጨመረ። ባትሪው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ የከሰሉ ምድጃ፣ እናት የሰጠችው የሽሮ ባልዲ አልተቆጠረም። ከካምፐሩ ግራ ጎን ወደ ፊት የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡና ትልቁን የተፈቀደ ክብደት ይውሰዱ፤ ከዚያ አንድ ቀን እንደ ጫኑት ሆነው የከባድ መኪናዎች ማደያ ሚዛን ላይ ይውጡ። ወረፋው አጭር ነው፣ ዋጋውም አይጎዳም።

ርካሹን መምረጥ

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በጊዜ የሚሠራ ነው፦ ፍሬን ሲረግጡ፣ ቀስ ብለውም ሆነ ደንግጠው፣ አስቀድሞ የተሞላለትን ያህል ይልካል። ሌላው መኪናው ምን ያህል እየቀነሰ እንደሆነ ለክቶ በዚያው መጠን ይልካል። የዋጋው ልዩነት ከአንድ ጎማ ዋጋ አይበልጥም፤ ተራራ ላለበት አገር ሁለተኛውን ይግዙ። ዳሽቦርዱ ሥር የተዘጋጀ ሶኬት ካለ ለመኪናዎ ዓይነት የተሠራ ገመድ ተገዝቶ ይሰካል፤ ሽቦ መቁረጥ አያስፈልግም። ከሌለ አራት ሽቦ ነው፦ ጥቁሩ ከባትሪ፣ ነጩ ማሳ፣ ቀዩ ከፍሬን መብራት ማብሪያ፣ ሰማያዊው ወደ ኋላ። ለኤሌክትሪሺያን ይስጡት።

አንዴ አስተካክሎ መርሳት

መቆጣጠሪያው ላይ ያለው ቁጥር የካምፐሩ ፍሬን ምን ያህል ይጠንክር የሚለውን ይወስናል። ገጣጣሚው ያስቀመጠው ቁጥር የርስዎ ቁጥር አይደለም። ካምፐሩን እንደሚጓዙበት ጭነው፣ መኪና የማይበዛበት ሜዳ ደረቅ መንገድ ላይ ይውጡ። ጥቂት ጊዜ ፍሬን ይዘው ሸራዎቹን ያሙቁ። ከዚያ በሰዓት 25 ማይል እየሄዱ እግርዎን ከነዳጅ አንሥተው፣ የመኪናውን ፍሬን ሳይነኩ፣ ማንሻውን ብቻ እስከ መጨረሻው ይጭመቁ። ካምፐሩ ብቻውን ሁለታችሁንም ወደ ኋላ ሲስብ ይሰማዎታል። ስበቱ ለስላሳ ከሆነ ቁጥሩን ይጨምሩ። ጎማው ተይዞ ከጮኸ ይቀንሱ። የሚፈለገው ጎማው ሊያዝ ጥቂት ሲቀረው ያለው ቦታ ነው።

ይህን በየጉዞው ያድርጉ፤ ጭነት ሲቀየር፣ ዝናብ ሲጥል፣ ኮረኮንች ላይ ሲገቡ ቁጥሩ ይቀየራል። አንድ ጊዜ ሙሉ ታንከር ይዤ ባስተካከልኩት ቁጥር፣ ታንከሩን አራግፌ በዝናብ ተመለስኩ። አንድ መታጠፊያ ላይ ፍሬን ስረግጥ የካምፐሩ ጎማዎች ደርቀው አስፋልቱ ላይ ተንሸራተቱ፤ ጅራቱ ወደ ሌላው ረድፍ ሲወጣ በመስታወት አየሁት። ሰው አልተጎዳም። ቤት ደርሼ ሳይ ግን ሁለቱ ጎማ በአንድ ጎናቸው ተልጠው ጠፍጣፋ ሆነዋል።

የመበጠሻዋን ገመድ ሰንሰለቱ ላይ ማሰር

ካምፐሩ ፊት ለፊት ጫፏ ላይ ፒን ያላት ቀጭን ገመድ አለች። ካምፐሩ ከመኪናው ቢላቀቅ ፒኑ ይነቀልና የካምፐሩ የራሱ ባትሪ ፍሬኑን ይይዛል። ስለዚህ ገመዷ የምትታሰረው በፒካፑ አካል ላይ ነው፤ ሰንሰለቱ ላይ ወይም ተነቃዩ ጋንቾ ላይ ከሆነ፣ እነሱ ሲነቀሉ አብራ ትሄዳለች። ባትሪው ከሞተ ደግሞ ገመዷ ጌጥ ናት። ፒኑን ነቅለው ሲፈትሹ አስቀድመው ባለ 7 ፒኑን ይንቀሉ፤ እንደተሰካ ከሆነ መቆጣጠሪያውን ሊያቃጥል ይችላል።

ቁልቁለትን ለፍሬን መተው፣ ታምቡሩንም አለማየት

በአይ-70 ወደ ምዕራብ ሲሄዱ የአይዘንሃወር ዋሻ 11,158 ጫማ (3,401 ሜትር) ከፍታ ላይ ነው። ከዋሻው ሲወጡ እስከ ሲልቨርቶርን 7 በመቶ ቁልቁለት ይጠብቅዎታል፤ ከመንገዱ ዳር ፍሬን ለከዳቸው ከባድ መኪናዎች የተሠራ የጠጠር ማምለጫ አለ። ጥሩ መቆጣጠሪያ ያለው ሰው እዚህ ጋ ይዘናጋል። ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ ሲወርድ የካምፐሩ ሸራ ይግላል፣ ታምቡሩም በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል፣ ኤሌክትሪኩ እየደረሰ ፍሬኑ ግን አይይዝም። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ የወረደ ሹፌር ይህን ያውቀዋል፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ይቀንሱ፣ የመጎተቻውን ሞድ ያብሩ፣ ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ እንጂ ማሸት አይሁን። ካምፐሩ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ከጀመረ ደግሞ የእግር ፍሬኑን ይተዉና ማንሻውን ብቻ ይጭመቁ፤ ከኋላ ሲጎተት መስመሩን ይይዛል።

አዲስ የተገጠመ ሸራ ከመጀመሪያዎቹ 200 ማይል በኋላ መስተካከል አለበት፤ ራሱን የሚያስተካክል ካልሆነ ከዚያም በየ3,000 ማይሉ። የጎማ ኩሽኔታ ሲቀባ ግራሶ ቢበዛ ሸራው ላይ ይፈስና ያ ጎማ ፍሬን የሌለው ያህል ይሆናል። ይህን ሳይፈቱ የሚያውቁበት መንገድ አለ፦ ቁልቁለት ወርደው እንደቆሙ የእጅዎን ጀርባ ወደየጎማው ቸርኬ ጠጋ ያድርጉ፣ አይንኩ። አራቱም እኩል መሞቅ አለባቸው።

ልጁ መቆጣጠሪያውን አስገጥሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተነሣ። ከሲልቨርቶርን ማደያ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ሦስቱ ትኩስ ናቸው። ከኋላ በስተቀኝ ያለው ቀዝቅዟል።»

ካምፐሩ ሥር ገብቶ በስልኩ መብራት እንዲያይ ነገርኩት። ወደ ማግኔቱ የምትገባው ሽቦ ከአክስሉ ጋር ስትፋተግ ኖራ ተበጥሳለች። ማደያው ውስጥ የሽቦ ማገናኛና ናስትሮ ገዛ፣ ልጆቹ አይስክሬም እስኪጨርሱ ቀጠላት፣ ማንሻውን በ25 ማይል እንደገና ሞክሮ ቁጥሩን በአንድ ዝቅ አደረገ። ቀጥሎ የሚጠብቀው የቬይል ፓስ ተራራ ነበር።